ሲልቨር ኖል፦ ከወሎ ዱባይ ለሚሻገር መንገደኛ የትራንስፖርት ካርድ ግምገማ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልድያ ተነሥቶ ዱባይ የሚገባ ሰው፣ ለሸቀጥም ይሂድ ዘመድ ለመጠየቅ፣ አየር ማረፊያው ውስጥ ሳለ ሲልቨር ኖል ካርድ ይግዛ። ዋጋው 25 ድርሃም ነው። 19ኙ ድርሃም ለጉዞ ተሞልቶ ስለሚሰጥ ካርዱ ራሱ የሚያስወጣው 6 ድርሃም ብቻ ነው። አንድ ዶላር በ3.6725 ድርሃም ስለተተመነ ጠቅላላ ወጪው ሰባት ዶላር አይሞላም። በዚህ ካርድ በሜትሮ፣ በከተማ አውቶቡስ፣ በትራምና በውሃ አውቶቡስ ይኬዳል፤ ታክሲም ይከፈልበታል። ለጥቂት ቀናት ዱባይ ለሚቆይ ኢትዮጵያዊ ከዚህ የተሻለ የመጓጓዣ መክፈያ የለም። ጉድለቶቹ ግን ቀላል አይደሉም፤ አብዛኞቹም አስቀድሞ ያላወቃቸውን ሰው ነው ገንዘብ የሚያስከፍሉት።

ስለ ውጭ አገር ጉዞ የሚሰጠው ምክር አሁን አሁን «ሌላ ካርድ አያስፈልግህም፣ የባንክ ካርድህን በሩ ላይ አስነክተህ ግባ» የሚል ሆኗል። ለመካሪው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የእሱ ካርድ የትም አገር ይሠራል። ከደሴ የሚነሣው መንገደኛ ኪስ ውስጥ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የብር ሒሳብ ካርድ ነው። ላዩ ላይ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ምልክት ስላለበት ብቻ ከቦሌ ወዲያ ይከፍላል ብሎ መተማመን አይገባም። ለውጭ የሚሆነው ባንኮች ለመንገደኛ በውጭ ምንዛሪ ሞልተው የሚሰጡት ካርድ ነው። እሱንም ቢሆን ለሆቴልና ለትልቅ ግዢ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ለሦስት ድርሃም ጉዞ በየቀኑ አራት አምስት ጊዜ ከማውጣት። ከመሄዳችሁ በፊት ባንካችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ካርዱ ውጭ አገር ሳይሰካ በማስነካት ብቻ ይከፍላል ወይ? ለእያንዳንዱ ክፍያስ ተጨማሪ ይቆረጣል ወይ? ሲልቨር ኖል ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ስም፣ ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የዱባይ ስልክ ቁጥር የለበትም።

ኖል የሚለው ቃል በዐረብኛ የጉዞ ሒሳብ ማለት ነው። ካርዱ ሥራ ላይ የዋለው ሜትሮው በተመረቀበት ዓመት ነው፤ ሜትሮው የተከፈተው ጳጉሜን 4 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር። አራት ዓይነት አለ፤ መስኮቱ ላይ ስትደርሱ የትኛውን እንደምትፈልጉ ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ።

ቀዩ የወረቀት ቲኬት ነው። ወረቀቱ 2 ድርሃም ሲሆን እስከ 10 ጉዞ ይሞላበታል፤ ግን በአንድ ዓይነት መጓጓዣ ብቻ ነው፤ ለሜትሮ የተሞላው አውቶቡስ ላይ አያገለግልም። የየጉዞው ዋጋም ከሲልቨር በ1 ድርሃም ይበልጣል። ሒሳቡን ብትሠሩት ሲልቨር ለካርዱ 4 ድርሃም አብልጦ ያስወጣና በየጉዞው አንድ ድርሃም ይመልሳል፤ በአራተኛው ጉዞ እኩል ይሆናሉ፣ ከአምስተኛው ጀምሮ ትርፉ የሲልቨር ነው። እንግዲህ ቀዩን የሚገዛው ሌላ አገር ሲያልፍ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ዱባይ የሚያርፍ፣ ሄዶ መምጣት ብቻ የሚፈልግ ሰው ነው። ወርቃማው፣ ጎልድ የሚባለው፣ ባቡሩ ጫፍ ላይ ባለው ልዩ ክፍል ያስቀምጣል፤ ዋጋው ግን እጥፍ ነው። ቶሎ አያደርስም፤ ባቡሩ ያው አንድ ነው። ሰማያዊው 70 ድርሃም ሆኖ 20ው ለጉዞ ይሆናል። በስም የሚመዘገብ ስለሆነ ቢጠፋ ቀሪው ገንዘብ ይመለሳል። ዱባይ ተቀጥረው ለሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች እሱን እንመክራለን፤ ለመንገደኛ ግን ማመልከቻው አይመችም።

አገዛዙ ይህን ይመስላል። ሻንጣችሁን እንደተረከባችሁ አየር ማረፊያው ውስጥ ትንሽ ገንዘብ ብቻ፣ 20 ዶላር ያህል፣ መንዝሩ፤ የቀረውን ከተማ ገብታችሁ ብትመነዝሩ የተሻለ ዋጋ ታገኛላችሁ። ዝርዝር ኖት ይስጧችሁ። ከዚያ «ሜትሮ» የሚለውን ምልክት ተከትላችሁ ሂዱ። ጣቢያው ሰው ያለበት መስኮትም ማሽንም አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው መስኮቱ ይሻላል፤ «ሲልቨር ኖል» ብሎ 25 ድርሃም መስጠት ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛም ዐረብኛም መቻል አያስፈልግም። ካርዱን እንደተቀበላችሁ ደረሰኙ ላይ 19 ድርሃም መሞላቱን እዩ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፦ የደረሳችሁበት ተርሚናል ወሳኝ ነው። ተርሚናል 1 እና ተርሚናል 3 በቀይ መስመር ላይ የየራሳቸው የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ተርሚናል 2 የለውም። ቲኬታችሁን ስትቆርጡ ተርሚናሉን ጠይቁ፤ ሁለተኛው ከሆነ አውቶቡስ ወይም ታክሲ መያዝ ነው። ከአየር ማረፊያ የሚነሣ ታክሲ ቆጣሪው ገና ሳይንቀሳቀስ 25 ድርሃም ይነበብበታል፤ በዚህ ገንዘብ ካርዱ ከነሙሉ ሒሳቡ ይገዛ ነበር።

የጉዞው ዋጋ የሚወሰነው በዞን ነው። ከተማው በሰባት ዞን ተከፍሏል። በሲልቨር አንድ ዞን ውስጥ 3 ድርሃም፣ ሁለት ተጎራባች ዞን 5 ድርሃም፣ ከዚያ በላይ 7.50 ድርሃም ነው። ለሸቀጥ የሚሄድ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ዴራ ነው፤ ከተርሚናል 1 በቀይ መስመር አል ሪጋን አልፎ ዩኒየን ይወርዳል፣ እዚያው ውስጥ ወደ አረንጓዴው መስመር ይሻገርና ቀጣዩ ጣቢያ ባኒያስ አደባባይ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ዞን ውስጥ ስለሆነ 3 ድርሃም ብቻ ይቆረጣል። ዩኒየን ላይ መስመር ስትቀይሩ ከበሩ አትውጡ፤ ከወጣችሁ እንደገና ማስነካት ይመጣል። ወደ ቡርጅ ኸሊፋ 5 ድርሃም፣ ወደ ማሪና 7.50 ነው።

ሕፃን ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው፦ ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ወይም ቁመቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ልጅ አይከፍልም። ከዚያ በላይ ያለው ልጅ የራሱ ካርድ ያስፈልገዋል። በአንድ ኖል ሁለት ሰው አንድ ላይ አይገባም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር እንምጣ። ደሴ ላይ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ የሚሄድ ሰው ታክሲ ውስጥ ይቀመጣል፣ ረዳቱ «ሒሳብ» ሲለው ይከፍላል፣ መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል፤ ከከፈለ በኋላ ከማንም ጋር ጉዳይ የለውም። ዱባይ ላይ ግን ወራጅም ካርድ ያስነካል። ካርዱ ስትገቡ የመነሻውን ቦታ ይመዘግባል፤ ዋጋውን የሚያሰላውና የሚቆርጠው ስትወጡ ነው። ሜትሮው ላይ መርሳት አይቻልም፣ በሩ አይከፈትም። አውቶቡስ ላይ ግን በሩ ክፍት ነው፤ ሰው ግር ብሎ ሲወርድ አብሮ መውረድ ቀላል ነው። ሳታስነኩ ከወረዳችሁ ማሽኑ የት እንደወረዳችሁ ስለማያውቅ የረጅሙን ጉዞ ሒሳብ ይቆርጣል። ትራምም እንዲሁ ነው፤ በር ስለሌለው ማንበቢያው የቆመው መሳፈሪያው መድረክ ላይ ነው፣ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ነው የምታስነኩት። ሳያስነካ ገብቶ ተቆጣጣሪ ያገኘው ሰው 200 ድርሃም ይቀጣል።

ሁለተኛው ችግር ዝቅተኛው ቀሪ ሒሳብ ነው። ሜትሮው በር ላይ ካርዱ ውስጥ ቢያንስ 7.50 ድርሃም መኖር አለበት፤ የምትሄዱት የ3 ድርሃም መንገድ ቢሆንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ማሽኑ ስትገቡ የት እንደምትወርዱ ስለማያውቅ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃ መኖሩን ያረጋግጣል። እንግዲህ በ19ኙ ድርሃም ሁለት ረጅም ጉዞ ከሄዳችሁ 15 ድርሃም ያልቅና 4 ይቀራል፤ በዚያ 4 ድርሃም በሩ አይከፈትም። ካርዱ ተበላሸ ብሎ ከሠራተኛ ጋር የሚጨቃጨቅ መንገደኛ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚያዘው።

ለመሙላት ስትሄዱ ደግሞ ሦስተኛው ችግር ይመጣል። ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሜትሮ ጣቢያ መስኮት ከ50 ድርሃም በታች አይሞላም። ለነዋሪው ምንም አይደለም፤ ነገ ሄዶ ለቀረው መንገደኛ ግን ኪሳራ ነው፣ ምክንያቱም ሲልቨር ላይ የቀረ ገንዘብ በጥሬው አይመለስም። ትንሽ ለመሙላት ወደ ማሽኑ ሂዱ። ካርዱን ቦታው ላይ አስቀምጣችሁ የመሙያውን ምርጫ ትነካላችሁ፣ ኖቱን ታስገባላችሁ፣ ከዚያ ሥራው ማለቁን ስክሪኑ እስኪነግራችሁ ድረስ ካርዱን አታንሡት። ቀሪ ሒሳቡ የሚጻፈው ካርዱ ላይ ባለው ቺፕ ውስጥ ስለሆነ መሐል ላይ ካነሣችሁት ገንዘቡ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ካርዱ ሳይጻፍበት ሊቀር ይችላል። እንዲህ ከሆነ ደረሰኙን ይዛችሁ እዚያው ወደ መስኮቱ ሂዱ። ዱባይ ያለ ዘመድ በኢንተርኔት ሲሞላላችሁም እንደዚሁ ነው፤ ካርዱን ማሽን ላይ አስነክታችሁ እስክትቀበሉት ድረስ ገንዘቡ ውስጡ የለም።

ካርዱ ባትሪ የለውም። ውስጡ በጠርዙ ዙሪያ የተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ማንበቢያው በሚለቀው ኃይል ነው ለቅጽበት የሚነቃው። ስለዚህ አንገት ላይ ለማንጠልጠል ብላችሁ አትብሱት፤ ሽቦው ከተቆረጠ ካርዱ አለቀለት፣ ውስጡ ያለው ገንዘብም አብሮ ይቀራል። ከሌላ ተመሳሳይ ካርድ ጋር ደርባችሁ አታስነኩት፤ ሁለቱ እኩል ሲመልሱ ማሽኑ ሁለቱንም አያነብም ወይም ያላሰባችሁትን ያነባል። ከቦርሳ አውጥቶ ለብቻው፣ ለአንድ ሰከንድ ያህል ጸጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ ጠረግ አድርጎ ማለፍ አይሠራም።

ካርዱ የሚያስመሰግነው ጎንም አለው። ከሜትሮ ወርዳችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ አውቶቡስ ከተሳፈራችሁ ጉዞው እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ጠቅላላው ከ180 ደቂቃ እስካልበለጠ ድረስ ከመነሻ እስከ መድረሻ ባለው ዞን ብቻ ይሰላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሱቅ ገብቶ ከመዘግየቱ በፊት አውቶቡሱን ይይዛል። አውቶቡስ ላይ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ያለ ካርድ መሳፈር አይታሰብም።

ባቡሩ ውስጥ ለመቆሚያችሁ ተጠንቀቁ። ሲልቨር ይዞ ወርቃማው ክፍል የገባ ሰው፣ እንዲሁም ለሴቶችና ለሕፃናት በተለየው ክፍል የተገኘ ወንድ 100 ድርሃም ይቀጣል። ድንበሩ ወለሉ ላይ በቀለም ተሠምሯል፤ ሲጨናነቅ ሳይታወቅ መሻገር ይመጣል። መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክም 100 ድርሃም ያስቀጣል፤ የቆሎዋን ከረጢት እስክትወርዱ ድረስ አትፍቷት። ሻንጣን በተመለከተ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ነው፦ አንድ ትልቅ እስከ 81 በ58 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ትንሽ እስከ 55 በ38 በ20። ከወሎ በርበሬና ሽሮ የያዘች ሻንጣ በዚህ ልክ ትገባለች። ስትመለሱ በገመድ የታሰረ ትልቅ ካርቶን ከሆነ የያዛችሁት ግን ከልኩ ስለሚያልፍ ሜትሮውን ትታችሁ ለታክሲ ገንዘብ አስቀሩ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እንንገራችሁ፤ ዱባይ ከአገራችን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ከዚህ በታች ያለው የዱባይ ሰዓት ነው። ሜትሮው ከሰኞ እስከ ሐሙስና ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት ይሠራል። ዓርብ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይቆያል። እሑድ የሚከፈተው ዘግይቶ ነው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። እሑድ ንጋት ላይ የሚነሣ በረራ ያለው ሰው ሜትሮ ልይዝ ብሎ ቢወጣ ዝግ በር ነው የሚጠብቀው።

ካርዱ ከዱባይ ውጭ ያለው ጥቅም ውስን ነው። ከኢብን ባቱታ ጣቢያ ኢ101 በሚባለው አውቶቡስ አቡ ዳቢ 25 ድርሃም ነው፤ የሚከፈለውም በኖል ነው። አቡ ዳቢ ከደረሳችሁ በኋላ ግን የከተማው አውቶቡስ ሐፊላት የሚባል የራሱ ካርድ አለው፤ ኖልን አያውቀውም። በተቃራኒው ዱባይ ውስጥ ከዴራ ወደ ቡር ዱባይ ወንዝ መሰሉን ባሕረ ሰላጤ የምታሻግረው የእንጨት ጀልባ፣ አብራ፣ 1 ድርሃም በጥሬው ነው የምትቀበለው። ሳንቲም ኪስ ውስጥ ይኑር።

ከሌሎች ከተሞች ካርዶች ጋር ሲተያይስ? ሪያድ ሜትሮዋን የከፈተችው ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ስድስት መስመርና 85 ጣቢያ አለው፤ ካርዱ ዳርብ ይባላል። ዞን የሚባል ነገር የለም፤ በ4 ሪያል ለሁለት ሰዓት በሜትሮም በአውቶቡስም እንደልብ ይኬዳል፣ ለሦስት ቀን 20 ሪያል፣ ለሰባት ቀን 40 ሪያል ነው። ለአጠቃቀም ቅለት ሪያድ ዱባይን ትበልጣለች ብለን እናምናለን፤ የመውረጃ ስጋት የለባትም። ለዑምራ የሚሄዱ ግን ዳርብ ለመካና ለመዲና ይሆነናል ብለው እንዳይገዙ፤ እሱ የሪያድ ነው። በሁለቱ ቅዱሳን ከተሞች መካከል በጅዳ በኩል የሚሄደው የሐረማይን ባቡር ለብቻው በወንበር ቁጥር ቲኬት ይቆረጥለታል።

ዋሽንግተን ለሚሄድ ሰው ስማርትሪፕ የሚባለው ካርድ 2 ዶላር ነው። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሲልቨር የሚባለው የሜትሮ መስመር የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበት ደለስ አየር ማረፊያ ድረስ ስለሚደርስ፣ ብዙ ሐበሻ ወዳለበት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ሰው ሜትሮ ሴንተር ላይ ወደ ቀዩ መስመር ቀይሮ ይደርሳል። ሎንደን ላይ የኦይስተር ካርድ አንድ የሚያስቀና ነገር አለው፤ ቀሪው ሒሳብ ከ10 ፓውንድ ካልበለጠ ጣቢያ ባለ ማሽን ላይ መልሶ ማውጣት ይቻላል። ኖል ይህን ቢያደርግ የመንገደኛው ቅሬታ በግማሽ ይቀንስ ነበር። የሎንደን አውቶቡስም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ ግን ሲሳፈሩ ብቻ ነው የሚነካው፣ ሲወርዱ አይነካም። ባቡሩ ላይ ሁለቱንም ነው። የዱባይ ልማድ የያዘው ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሲልቨር ኖል ስንመለስ፣ የማይመለሰውን ቀሪ ገንዘብ ማስቀረት የሚቻለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት ማሽን ላይ ቀሪውን እዩና የቀራችሁን ጉዞ ቁጠሩ፤ ከበቃችሁ አትሙሉ። የተረፈውን በታክሲ ወይም ከኢኖክ ነዳጅ ማደያ ጋር ባሉት ዙም ሱቆች ውሃና ብስኩት ገዝታችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። ካርዱን ግን አትጣሉት። የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነው፤ ስም ስለሌለበት የያዘው ሁሉ ይጠቀምበታል። ደሴ ካለው ሰኞ ገበያ በየጊዜው ሰው ዱባይ ይመላለሳል፤ ለቀጣዩ መንገደኛ ብትሰጡት 6 ድርሃሙን ያድናል፣ ሌሊት ቢደርስም መስኮት ሳይሰለፍ ይገባል። ስትሰጡት ቀሪ ሒሳቡንና የተገዛበትን ወር ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አስይዙት፤ ከ7.50 ድርሃም ያነሰ ከሆነም በሩ ላይ ከመቆሙ በፊት ማሽኑ ጋ ሄዶ እንዲሞላ ንገሩት።